ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ሥራ

የቅርስ መመዝገቢያ ካርድ ብዙ ሰው አይቶ አያውቅም። ለእኔ እንጀራዬ ነው። ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ቁመት፣ ወርድ፣ ያለበት ሁኔታ፣ ቦታ፣ ቀን። ከእነዚህ መስመሮች ሁሉ የሚያበሳጨኝ የመጨረሻው ነው። «ቀን» ይላል እንጂ የምን ቀን እንደሆነ አይናገርም። አንዱ መዝጋቢ ዕቃው የተሠራበትን ዓመት ይጽፍበታል፣ ሌላው የተገዛበትን፣ ሌላው ደግሞ ካርዱን የሞላበትን ዕለት። ዓመታት አልፈው ያንን ካርድ የሚያነሣ ሰው ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩ ስለ ምን እንደሚናገር የሚነግረው ግን የለም። «ቦታ»ም ያው ነው። የተሠራበት ነው? የተገኘበት? ወይስ አሁን የተቀመጠበት መደርደሪያ?

ድንቅነሽን እንውሰድ። «ቀን» በሚለው መስመር ላይ ምን ይጻፍላት? የሞተችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን የአጥንቶቹ ቀን አይደሉም። አንዱ የመሞቷ ጊዜ ነው፣ አንዱ የመገኘቷ። አጥንት በራሱ ቀን የለውም፤ ቀን ያለው በአጥንቱ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ሰው፣ ቦታና ጊዜ ዕቃ ላይ አይንጠለጠሉም፤ ድርጊት ላይ ነው የሚንጠለጠሉት። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር ይኸው ነው።

ይህን ልዩነት አጥብቆ የያዘ የዕውቀት ዘርፍ አለ፤ ፎርማል ኦንቶሎጂ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል፤ ጥያቄው ግን ልጅ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። ያለው ነገር ሁሉ ስንት ዓይነት ነው? ዓይነቶቹስ በምን በምን ይያያዛሉ? አርስቶትል ያለውን ሁሉ በአሥር ምድብ ከፍሎት ነበር፤ ራሱን ችሎ የሚኖረው ነገር፣ መጠን፣ ጠባይ፣ ዝምድና፣ ቦታ፣ ጊዜ እያለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኤድመንድ ሁሰርል ሐሳቡን ወደ ሎጂክ አስጠጋው። ስለ ዛፍም ሆነ ስለ ቁጥር፣ ስለ ሕግም ሆነ ስለ ሸክላ ብናወራ የማይለወጡ ዝምድናዎች አሉ አለ፤ የክፍልና የሙሉ፣ የጥገኛና የአስጠጊ። መስክ ሳይመርጥ እነዚህን የሚያጠና ትምህርት ይኑር ነው ነገሩ።

ጉዳዩ ከፈላስፎች ጠረጴዛ የወረደው ኮምፒዩተር ሲመጣ ነው። ሰው ካርድ ሲያነብ የጎደለውን ከልምዱ ይሞላል። ድንቅነሽ ካርድ ላይ «1967» የሚል ቢያይ «የተገኘችበት ዓመት ነው» ብሎ ያልፋል። ኮምፒዩተር ግን ድንቅነሽ በ1967 ተወለደች ቢሉት ያለ ማቅማማት ይቀበላል። ስለዚህ የሕክምና፣ የሥነ ሕይወት፣ የሙዚየም መረጃ አጠናቃሪዎች የአርስቶትልን ጥያቄ በግድ እንደገና ማንሣት ነበረባቸው። ከሙከራዎቹ አንዱ በአሜሪካ የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲው ፈላስፋ ባሪ ስሚዝ ከባልደረቦቹ ጋር የገነባው «መሠረታዊ ፎርማል ኦንቶሎጂ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። ገና ከበሩ ላይ ያለውን ሁሉ በሁለት ይከፍለዋል፤ ጸንተው የሚቆዩ ነገሮች በአንድ ወገን፣ ክንውኖች በሌላ ወገን።

ክፍፍሉ ረቂቅ ይመስላል። ቡና ሲፈላ ተቀምጦ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል። ጀበናዋ አቦል ላይ ሙሉ ጀበና ናት፤ ቶና ላይም ያቺው፣ በረካ ላይም ያቺው። ግማሿ አቦል ላይ፣ ግማሿ በረካ ላይ አልነበረችም። የቡናው ሥርዓት ግን እንዲህ አይደለም። አቦል ላይ የደረሰች ጎረቤት ሥርዓቱን በሙሉ አየሁ ልትል አትችልም፤ ቶናውና በረካው ገና አልመጡም። የሥርዓቱ ክፍሎች የጊዜ ክፍሎች ናቸው፤ መቁላቱ፣ መውቀጡ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። የጀበናዋ ክፍሎች ደግሞ አንገቷ፣ ጆሮዋ፣ ሆዷ ናቸው። «ጠዋት» የሚባል የጀበና ክፍል የለም፤ «ጆሮ» የሚባል የቡና ሥርዓት ክፍልም የለም። ጀበናዋ ትለወጣለች፤ ትግላለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ጥላሸት ትይዛለች፣ ያም ሆኖ ያቺው ናት። ሥርዓቱ ግን አይለወጥም፤ እሱ ራሱ ለውጥ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ግንኙነትም መታወቅ አለበት። ጀበናዋ በቡናው ውስጥ ትሳተፋለች እንጂ የቡናው ክፍል አይደለችም። ጥቁረቷ፣ ክብደቷ፣ አፏ ላይ ያለው ስንጥቅ ያለ እሷ ሊኖሩ አይችሉም፤ ጥገኞቿ ናቸው። ከጥገኞቹ መካከል እኔን የሚደንቀኝ መሰበር መቻሏ ነው። አንዲት ጀበና አርባ ዓመት ሳትሰበር ብትኖር ተሰባሪነቷ አርባ ዓመት ሙሉ አብሯት ኖሯል፤ ቤት ያሉት ሰዎች በጥንቃቄ የያዟት ስለዚህ ነው። ገና ያልደረሰ ክንውን ጠባዩ አስቀድሞ ዕቃው ላይ አለ ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ባዶው። ቡናው ያለው ሸክላው ውስጥ አይደለም፤ ሸክላው በከበበው ባዶ ውስጥ ነው። ሮቤርቶ ካሳቲና አኪሌ ቫርዚ የተባሉ ሁለት ፈላስፎች እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ቀዳዳ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ስነግራት አክስቴ አልሳቀችም። ጀበና የሚሠራ ሰው የሚጨነቀው ለባዶው እንደሆነ ታውቃለች።

አክስቴ ቀጨኔ ነው ያለችው፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ የበዛበት ሰፈር። ሸክላው የሴቶች ሥራ ነው። አፈሩ ከተራራው ይመጣል። ይደቃል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል፣ ይረገጣል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ ሠሪዋ ራሷ ትዞራለች፣ አለዚያም ዕቃውን በእጇ እያዞረች ታቆመዋለች። ከታች ተጀምሮ ትንሽ ይጠነክርና በላዩ ይጨመራል፤ እርጥቡ ላይ ቶሎ ከተቸኮለ በገዛ ክብደቱ ይወድቃል። ይለሰልሳል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ምድጃ ቤት የለውም፤ ሜዳ ላይ በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተከምሮበት ነው። የሰፈሩ ጥቁር ጀበና ጥቁረቱን የሚያገኘው ከቀለም አይደለም፤ ከእሳት እንደወጣ ቅጠል ውስጥ ታፍኖ ጢሱን ስለሚጠጣ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለውበቱ አይደለም። ጀበናዋ መቼ ጀበና ሆነች? ያልተቃጠለች ጀበና ውኃ ውስጥ ብትነከር ተመልሳ ጭቃ ትሆናለች። እሳቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን በሸክላ አፈሩ ውስጥ በኬሚካል የታሰረው ውኃ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ቅርጹ ከእሳቱ በፊትም ያው ነው፣ ቁመቱም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ከእሳቱ በፊት ተሟልቷል፤ ሆኖም አክስቴ ያልተቃጠለውን ጀበና ብላ አትሸጠውም። ወሳኙ ነገር የዕቃው መልክ ሳይሆን ያለፈበት ክንውን ነው። አዲስ ምጣድም በጎመን ዘር እስኪሟሽ ድረስ እንጀራውን ይይዛል፤ በመልክ ግን ከተሟሸው ብዙም አይለይም።

ፈላስፎች የሚከራከሩበት አንድ የቆየ እንቆቅልሽ አለ። የሸክላ ሐውልቱና ሐውልቱ የተሠራበት ሸክላ አንድ ነገር ናቸው ወይስ ሁለት? ኒኮላ ጓሪኖና ባልደረቦቹ ጣሊያን ውስጥ ያዘጋጁት ዶልቼ የተባለው ኦንቶሎጂ «ሁለት» ብሎ ይመልሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ሌላውን የሠራ። ምክንያቱ ታሪካቸው መለያየቱ ነው። ጭቃው ጀበናዋ ሳትኖር ነበረ። ቅርጹ ካላማራት አክስቴ ጨፍልቃ መልሳ ታቦካዋለች፤ ያን ጊዜ ጀበናዋ የለችም፣ ጭቃው ግን አለ። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ከቀረ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ እሳቱ ነገሩን እንደሚያወሳስበው ግን ከነጓሪኖ ይልቅ ሸክላ ሠሪ ታውቃለች። ከተቃጠለ በኋላ ጭቃውም የለም። የቀረው ገል የሚሆን ነገር ነው።

በሌላ ወገን ክፍፍሉን ከሥሩ የማይቀበሉ አሉ። እነሱ እንደሚሉት ጀበናዋም ብትሆን ረዥም ክንውን ናት፤ የዛሬ ጠዋቷ ጀበና እና የማታዋ ጀበና ሁለት የጊዜ ቁራጮቿ ናቸው። ፈላስፋው ኩዋይን ወደዚህ ያዘነብል ነበር፤ ለነዳጅ ኢንዱስትሪ ተብሎ የተሠራው 15926 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ለፓምፕና ለቧንቧ ይመች ይሆናል። ዕቃ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን የጀበናን የጠዋት ቁራጭ መቁጠር ቀልድ ነው።

ከዕቃ ወደ ድርጊት እንሂድ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነውና። በአንድ ስብስብ ውስጥ አንድ አሮጌ ካርድ ገጥሞኛል። «ጀበና። ሸክላ፣ ጥቁር። አዲስ አበባ። 1978።» ሌላ ምንም የለውም። ዕቃውን አውጥቼ ሳየው የሰፈሬ እጅ ነው። አንገቱ ከሆዱ የሚጋጠምበትን መንገድ፣ የጆሮውን አጣጠፍ አይቶ የቀጨኔ ሰው አይሳሳተውም። ካርዱ ግን «ሠሪ» የሚል መስመር የለውም። ለሥዕል የተዘጋጀው ካርድ አለው፤ ለ«ባህላዊ ዕቃ» የተዘጋጀው የለውም። የባህል ዕቃን ባህል ሠራው ተብሎ ይታሰባል መሰለኝ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ድርጊት ዓረፍተ ነገሮች የጻፈው አጭር ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። «አክስቴ መጋቢት ላይ ጓሮዋ ውስጥ በእጇ ጀበና ሠራች» እንበል። ከዚህ «አክስቴ ጓሮዋ ውስጥ ጀበና ሠራች» የሚለው ይከተላል፤ «ጀበና ሠራች» የሚለውም ይከተላል። ለምን ይከተላል? ዴቪድሰን እንደሚለው ዓረፍተ ነገሩ ስለ አክስቴና ስለ ጀበናዋ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሦስተኛ ነገር አለ፤ ድርጊቱ። መጋቢት የሱ ጊዜ ነው፣ ጓሮው የሱ ቦታ ነው፣ እጇ የሱ መሣሪያ ነው። አንዱን ብናወልቀው ሌላው እንዳለ ይቀራል። ድርጊቱን ራሱን የቻለ ነገር አድርገን ካልቆጠርነው ግን እያንዳንዱ ዝርዝር የሚንጠለጠልበት ያጣና ዕቃው ላይ ይለጠፋል። «ቀን» የሚለው ግራ የሚያጋባ መስመር የተወለደው እንዲህ ነው።

የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሰነድ ኮሚቴ፣ ሲዶክ የሚባለው፣ ይህን ተረድቶ ነው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የራሱን ኦንቶሎጂ የሠራው። ሲዶክ ሲ.አር.ኤም. ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። በዚህ አሠራር ከጀበናዋ ወደ ሠሪዋ በቀጥታ የሚሄድ መንገድ የለም። ጀበናዋ በአንድ «የመሥራት» ድርጊት ተፈጠረች፤ ድርጊቱን አንዲት ሴት ፈጸመች፤ ድርጊቱ በዚህ ጊዜና በዚያ ቦታ ሆነ፤ በዚህ ዘዴ ተሠራ። መገኘት ሌላ ድርጊት ነው፣ መገዛት ሌላ፣ መለካት እንኳ ሌላ ድርጊት ነው፤ ቁመቷን የለካው ሰው ቢሳሳት የተሳሳተው ልኬቱ እንጂ ጀበናዋ አይደለችም። መጀመሪያ ሳየው የወረቀት ብክነት መስሎኝ ነበር። ጥቅሙ የታየኝ ለዚያ አሮጌ ካርድ ስሠራበት ነው። ሠሪዋን ማንም አያውቃትም። ሆኖም አሁን መዝገቡ «አንድ የመሥራት ድርጊት ነበር፤ ፈጻሚዋ ስሟ ያልታወቀ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ጊዜው ከ1978 አይዘገይም» ይላል። አለማወቃችን ራሱ ቦታ አገኘ። በድሮው ካርድ ላይ ግን ያልታወቀች ሴትና ያልነበረች ሴት አይለዩም።

የአክሱምን ሐውልት የመሰለ ምሳሌ ደግሞ የለም። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ 160 ቶን የሚገመተው ድንጋይ ያለ ድርጊት ሰንሰለት ምን ብሎ ይመዘገባል? ተጠርቦ ቆመ፣ ወድቆ ተሰበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ወራሪዎች ወደ ሮም ተወሰደ፣ እዚያ ተገጣጥሞ ቆመ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ተተከለ። «ቦታ፦ አክሱም» ብሎ የሚጽፍ ካርድ ከ60 ዓመት በላይ የፈጀውን ሙግት ደመሰሰው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። የአገሪቱ ሕዝብ የተከራከረው ስለ ድርጊቶቹ ነው።

ያልተሳኩ ድርጊቶችስ? ይህን የጠየቀችኝ አክስቴ ናት። አንድ ቀን ያቃጠለችው ሁሉ ዝናብ ነካክቶት ተሰነጣጠቀባት። «ዛሬ የት ትጽፊኛለሽ?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጀበና ስትሠራ ነበረች ማለት እውነት ነው፤ ጀበና ሠራች ማለት ግን ውሸት ነው። ሎጂክ አጥኚዎች ይህን ያውቁታል። ዜኖ ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1957 ድርጊቶችን ሲመድብ እንደ መራመድ ያሉትን፣ በየትኛውም ቅጽበት ቢቋረጡ ተፈጽመዋል የሚባሉትን፣ ቤት እንደ መሥራት ካሉት ፍጻሜ ካላቸው ለይቶ አስቀምጧል። ፍጻሜ ያለው ሥራ ተቋርጦ ሲቀር ሂደቱ ነበረ፣ ውጤቱ የለም። ሙዚየም ደግሞ የሚጀምረው ከውጤት ነው። ዕቃ ከሌለ ካርድ የለም። ስለዚህ የሸክላ ሠሪ የሥራ ዘመን ከየትኛውም ስብስብ ውጭ የሚቀር ትልቅ ክፍል አለው፤ የተሰነጠቀው፣ የወደቀው፣ ተጨፍልቆ የተቦካው። ድርጊትን መዝግብ የሚል አሠራር ቢያንስ ለዚህ በር አለው። በሩን የሚጠቀምበት ግን አላየሁም፤ እኔም በዚያ ስንጥቅጥቅ ቀን የጻፍኩት በራሴ ማስታወሻ ደብተር ላይ ነው።

ሕጋችንም በዕቃና በድርጊት ጉዳይ ሁለት ፋይል ይከፍታል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ግዙፍና ግዙፍነት የሌለው ብሎ ይለያል። መለየቱ ተገቢ ነው፤ ኦንቶሎጂውም ቢሆን ጀበናንና ጀበና መሥራትን አንድ ሣጥን ውስጥ አይከትም። ችግሩ ሁለቱ ፋይሎች አለመተዋወቃቸው ነው። ጀበናዋ በአንድ መዝገብ፣ አሠራሯ ቢጻፍ በሌላ መዝገብ፣ በመካከላቸው ድልድይ የለም። በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ለረዥም ጊዜ የደረደረበትን መንገድ የምወደው ለዚህ ነው። በክልል ወይም በቁስ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ጉዞ ነበር፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ዕቃው ይታይ የነበረው ከሚያገለግልበት ክንውን ጋር ነው። ያደረጉት ሰዎች ኦንቶሎጂ አንብበው አይመስለኝም።

ወደ «ቦታ» ልመለስ። አሮጌው ካርድ «አዲስ አበባ» ይላል፤ እኔ «ቀጨኔ» ብዬ ማጥበብ ፈለግሁ። ግን ቀጨኔ ምንድን ነው? ወንዝ ነው፣ ሰፈር ነው፣ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምም አለ። ወንዙ ዳርቻ አለው። ሰፈሩ ግን የት ጀምሮ ሽሮ ሜዳ ጋ የት ያበቃል? ባሪ ስሚዝ ድንበርን በሁለት ይከፍላል፤ ተፈጥሮ ያሰመረውና ሰው በውሳኔ ያሰመረው። ወረዳ የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ይንቀሳቀሳል። ቀበሌዎቹ ተጣጥፈው ወረዳ ከተባሉ ወዲህ የድሮ ካርዶች ላይ ያሉት የቀበሌ ቁጥሮች የት እንደነበሩ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ናቸው። የሰፈሩ ድንበር ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው፣ ደብዛዛም ነው። ስለዚህ ደብዛዛ መሆኑን ጽፌ አለፍኩ።

ሰዎችን መመደብ ላይ ስንደርስ ጨዋታው ያበቃል። ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ በዚህ አገር ለብዙ ዘመን በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለዋል፤ ቀጨኔ ይህን ከማንም በላይ ቀምሶታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ምላስ ግን በአዋጅ ቶሎ አልታሰረም። ጓሪኖና ክሪስ ዌልቲ ኦንቶክሊን የሚባል መፈተሻ አላቸው። ለእያንዳንዱ ምድብ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ያ ነገር ምድቡን ቢለቅ መኖሩን ያቆማል ወይ? ሰው ሰውነቱን ለቆ ሊኖር አይችልም። ተማሪ ግን ተማሪነቱን ትቶ ይኖራል፤ ተማሪነት ሚና ነው። ሸክላ ሠሪነትም ሚና ነው፤ አክስቴ ነገ ብትተወው አክስቴ ናት። የስድቡ ሥር ሚናውን እንደ ተፈጥሮ መቁጠሩ ነው፤ ጭቃ ነክታ የማታውቅ የልጅ ልጅ ድረስ በደም ይወርዳል ተባለ። በመፈተሻው ሕግ ጽኑ ምድብ ከተለዋዋጭ ሚና ሥር ሊገባ አይችልም፤ ኮምፒዩተሩ ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል። በሥራዬ ካየኋቸው የምደባ ስሕተቶች ሁሉ ይህን ያህል ሰው የጎዳ የለም። ሌላም አለበት። ሴትየዋን ከሥራዋ ጋር ቆልፎ ሲሰድብ የኖረ ዓለም፣ ዕቃዋ ላይ ስሟን መጻፍ ሲመጣ ሥራዋን ረሳው።

በቅርቡ አንድ አዲስ ጀበና ለምዝገባ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ፤ ከሱቅ የተገዛ ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገኝም። ፎቶውን ወስጄ ለአክስቴ አሳየኋት፤ የራሷ ነው። መቼ እንዳቃጠለችው በፋሲካ ጾም አጋማሽ ብላ ነገረችኝ፣ አፈሩን ማን እንዳመጣላት፣ ከሱ ጋር የተቃጠሉ ሁለቱ አንገታቸው ላይ እንደተሰነጠቁም። ሁሉንም በየድርጊቱ ከፋፍዬ መዘገብኩ፤ አፈር ማምጣት፣ መሥራት፣ ማቃጠል። ከዚያ አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች።

«ዋጋውስ?» አለችኝ። «ስሜን ከጻፍሽ እኔ በስንት እንደሸጥኩት፣ እነሱ በስንት እንደገዙትም ይጻፍ።»

አሠራሩ ለዚህ ቦታ አለው። የባለቤትነት መተላለፍ ራሱን የቻለ ድርጊት ነው፤ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ጊዜና ቦታ አለው። ስለዚህ ሦስት መተላለፎች ከፈትኩ፤ ከአክስቴ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ስብስቡ። የመጀመሪያውን ዋጋ እሷ ነገረችኝ። የመጨረሻው ደረሰኝ አለው። ነጋዴው ግን ስጠይቀው ሳቀና ስለ አየሩ አወራኝ። የመሐሉን ድርጊት ዋጋ ባዶ ትቼ አሳየኋት።

«እሱን ብሎ ሚስጥረኛ!» አለች። «ሱቁ ሄጄ ጠይቄ አውቄዋለሁ። ጻፊ።»

ጻፍኩት። «የመረጃ ምንጭ» በሚለው መስመር ላይም ስሟን አስገባሁ።